ጋሼን ማን ይሰርዛል?

ባሌ መምህር ነው። ሴት ስለ ባሏ ስታወራ ወይ ታጋንናለች ወይ ታማለች ይባላል። እኔ እውነት ተናግሬ ከመሸበት የማድር ሰው ነኝ፤ የሆነውን ነው የምናገረው። የሚያስተምረው ትንንሽ ልጆችን ነው፣ አንደኛ ክፍል። አፍንጫቸውን ይጠርጋል፣ የጫማቸውን ክር ያስራል፣ ፊደል ያስቆጥራል። ወጣትነቱም ጎልማሳነቱም እዚያው ክፍል ውስጥ አለቀ። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ የሱ ተማሪ ነበር፤ አብረን መንገድ ከወጣን እሱ ሰላምታ ሲመልስ እኔ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለው የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው። እሱም ከሥራ ሲመለስ እዚያው ከኔ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣል። ስለዚህ በዚያች ጠረጴዛ ላይ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ፤ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ አዲስ ደንብ ወጣ አለኝ። ዲግሪ የሌለው መምህር ክፍል አይገባም። እስከ ተባለው ጊዜ ዲግሪ ካልያዘ ንብረት ክፍል ገብቶ ጠመኔና መጥረጊያ ሲያድል ይውላል። ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። ሳቁን ግን አውቀዋለሁ፤ ሲፈራ ነው እንደዚያ የሚስቀው።

"በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልሁን?" አለኝ።

"ታዲያ መጥረጊያ ስትቆጥር ልትኖር ነው?" አልኩት።

ሄዶ ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ኮሌጅ ተመዘገበ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ ወጣቶቹ ሌክቸረሩ መስሏቸው ብድግ አሉለት። "ተቀመጡ፣ እኔም እንደናንተው ነኝ" ቢላቸው አላመኑም አሉ። ከልጆቹ እኩዮች ጋር ተቀምጦ ተማረ። ፈተናውን እንደምንም ይወጣው ነበር። መጨረሻው ዓመት ላይ ግን ግማሹ ውጤት በግሩፕ ሥራ የሚያዝ ኮርስ መጣ። ሌክቸረሩ ደግሞ ወረቀት አልቀበልም ያለ ሰው ነው። "አራት አራት ሆናችሁ ኢንተርኔት ላይ አንድ ዶክመንት ትከፍታላችሁ፤ ሁላችሁም እዚያ ውስጥ ትጽፋላችሁ፤ ማን ምን እንደጻፈ እኔ አየዋለሁ" አላቸው። ይህን ካለፈ ዲግሪው በእጁ ነው፣ ክፍሉም የሱ። ከወደቀ ደንቡ የሰጠው ጊዜ ያልቃል። ያን ሰሞን እኛ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም።

ደግነቱ የግሩፑ መሪ አለቃ ሆነች። አለቃ የምላት ስም አጥታ አይደለም፤ እሱ ያወጣላት ነው። አንደኛ ክፍል ያስተማራት እሱ ነበር። ልጆቹን ዝም የምታሰኘውና ስም የምትጠራው እሷ ስለነበረች አለቃ አላት፤ ተጣብቆባት ቀረ። አድጋ እሷም መምህር ሆነች፤ ዲግሪ ፍለጋ እዚያው ኮሌጅ ገብታ ፊደል ካስቆጠራት ሰው ጋር አንድ ግሩፕ ደረሳት። ሌሎቹ ሁለቱ ወጣት ወንዶች ናቸው፣ እነሱም መምህራን። ሦስቱም ጋሼ ይሉታል። የደረሳቸው ርዕስ ንባብ ስለሚከብዳቸው ሕፃናት ነበር። "ይህን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?" አለ፤ የልብ ልብ ተሰማው።

ልጃችን ትታልን የሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ በሱ ነበር የሚሠራው። ዶክመንቱን ሲከፍት የነበረውን ደስታ ብታዩ! ሰው ሲገባ ስሙ በቀለም ብቅ ይላል፤ አለቃ በአረንጓዴ፣ ልጆቹ በሰማያዊና በብርቱካን። "ነይ እይ፣ ገቡ!" ይለኛል፣ እንግዳ በር ያንኳኳ ይመስል። ያኔ ኮሌታውን ያስተካክላል።

"አንተ ሰውዬ፣ አያዩህም እኮ!" እለዋለሁ።

"ቢሆንም" ይለኛል።

ከዚያ ወረቀቱ መሀል ላይ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ" ብሎ ይጽፋል። ሰላም ሳይል እንዴት ሥራ ይጀምራል? እነሱም እዚያው ከሥሩ "ደህና ነን ጋሼ፣ እርስዎስ?" ይላሉ። እሱ ደህንነቱን ይጽፋል፤ የኔንም ደህንነት ይጽፋል። አንድ ቀን ጉንፋን እንደያዘኝ ሁሉ ጽፎላቸው፣ ስለ ንባብ በሚጻፍ ወረቀት ውስጥ "እግዜር ይማርዎት በሉልን" የሚል ገባ። ሥራው ሲያልቅ ሰላምታውን እያጠፉ ይወጣሉ፤ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

እውነቱን ልናገር፤ ባሌ ጽሑፍ አይሆንለትም። ማስተማር ይችላል፤ መጻፍ ላይ ግን ዳር ዳር ያበዛል። "የሰው ልጅ ከፍጥረቱ ጀምሮ" ብሎ ይነሳና ጉዳዩ ላይ ሳይደርስ ገጹ ያልቃል። የሚያውቀውም ቢሆን የድሮ ነው። እሱ በሠለጠነበት ጊዜ ልክ የነበረ ብዙ ነገር ዛሬ ልክ አይደለም። እኔ ያኔ ይህን በምን አውቄ? ኋላ ነው የሰማሁት። ልጆቹ ግን ያውቁ ነበር። አውቀው አልነገሩትም።

ዶክመንቱ ውስጥ ማንም የማንንም መሰረዝ ይችላል፤ ሥራው ራሱ እንደዚያ ነው፣ አንዱ ይጽፋል ሌላው ያርማል። ልጆቹ እርስ በርስ ያለ ርኅራኄ ሲቆራረጡ በዓይኔ አይቻለሁ። የጋሼ መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ፊደል ያስቆጠረን ሰው፣ ስሙ እዚያው በርቶ እያየ፣ በምን እጅ ይሰርዙታል? ስለዚህ የሱን ሳይነኩ ከሥሩ ልኩን ይጽፋሉ። እሱ ለምሳሌ ንባብ ያቃተውን ልጅ አንዱን መስመር ደጋግሞ ማስገልበጥ ነው መድኃኒቱ ብሎ ከጻፈ፣ እነሱ ቀጥለው ማስገልበጥ ልጁን ከንባብ ያሸሸዋል ይላሉ። እሱ ይህን ያነብና "ጎሽ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ጨመራችሁበት" ብሎ ሌላ ገጽ ይመርቅላቸዋል። ወረቀቱ እየወፈረ ሄደ፤ የላይኛው ያለውን የታችኛው ያፈርሰዋል።

ከዚያ መምጣት ተዉ።

መጀመሪያ ልብ አላለም። "ሥራ ይዟቸው ነው" አለ። ሰላምታውን ጽፎ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ብቻውን ይቀጥላል። ሌላም ሳምንት አለፈ፤ አረንጓዴም የለ፣ ሰማያዊም የለ። እኔ ከመኪናዬ ቀና ስል ማንም የሌለበት ወረቀት ላይ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ" ብሎ ሲጽፍ አየዋለሁ። አንጀቴን በላኝ።

"አንተ፣ ደውልላቸው እንጂ" አልኩት።

ደወለ። አለቃ "እየሠራን ነው ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ የጻፉትን እያየን ነው" አለችው። ስልኩን ዘጋና "አየሽ? እኔ እያለሁ መጻፍ አፍረው ነው" አለኝ። ደስ ብሎት ጻፈ። ሥራቸውን ሌክቸረሩ ፊት ቆመው የሚያቀርቡበት ፕሬዘንቴሽን ሲቃረብ የሱን ክፍል እኔ ፊት ቆሞ ይለማመድ ነበር፤ እኔ እየሰፋሁ እሰማዋለሁ፣ ሲጨርስ መቀሴን አስቀምጬ አጨበጭብለታለሁ። ኮሌታውን ማስተካከል ግን ትቶ ነበር።

የፕሬዘንቴሽኑ ቀን ሸሚዙን ተኩሼ ሸኘሁት። ከሰዓት ተመለሰና ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ወደቅኩ" አለኝ።

"ምን ማለት ነው ወደቅኩ?"

"ዜሮ ተሰጠኝ። ምንም አልሠራህም ተብዬ።"

ጮህኩ፤ ምን እደብቃለሁ። "በዓይኔ እያየሁ! በየቀኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ! የታለ ያ ሌክቸረር፣ እኔው ራሴ ሄጄ አሳየዋለሁ!" ጫማዬን ፍለጋ ስነሳ እጄን ያዘኝ።

"ተይ። ቤቴ ኔትወርክ አልነበረም ብያለሁ።"

"ነበረ እኮ!"

"ተይ አልኩሽ!"

እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ተውኩት። ውስጤ ግን እየነደደ ነበር፤ ለምን በራሱ ላይ እንደዋሸ ሊገባኝ አልቻለም፣ እሱም አልነገረኝም።

ጊዜው አለቀና ንብረት ክፍል ገባ። ርዕሰ መምህሩ "ለጊዜው ነው ጋሼ" አለው። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ጠመኔ፣ መጥረጊያ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር። በሱ ክፍል አንዲት ወጣት ተተካች። ከንብረት ክፍሉ ሆኖ የሱ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማዋል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ነው፤ አልደገመውም። ቤት ሲመጣ ላፕቶፑን አይከፍትም። አጠገቤ ይቀመጥና ቁርጥራጭ ጨርቄን በየቀለሙ እየለየ ያጣጥፋል። ከሳ፤ ሱሪውን ያጠበብኩለት እኔ ነኝ። የሚበላለትን ነገር ሁሉ ሞከርኩ፤ ሰውየው ግን ከውስጥ ነበር የሚያልቀው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት አለቃ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ፣ ጋሼ አሉ?"

"ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። አንቺ ደግሞ ምን ቀርቶሽ መጣሽ?" አልኳት። ክፉ ሆንኩባት፤ ግን ያኔ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ሁለተኛ ዶክመንት ከፍተው ነበር፤ ጋሼ የማያውቀው። "ፊት ለፊት ከምንሰርዛቸው ብለን ነው እትዬ። እንዳናሳፍራቸው።" ከሱ ጽሑፍ የሚሆነውን ለቅማ፣ አስተካክላ፣ በራሷ ስም ገብታ ጻፈችው፤ ሽፋኑ ላይ ስሙን አኖረችለት። ማርኩን ሊያበረክቱለት ነበር። ሌክቸረሩ ግን ያን ቀን ዶክመንቱን ግድግዳው ላይ አበራና እያንዳንዱ መስመር የማን እንደሆነ አሳየ። የሦስቱ ስም አለ፤ የጋሼ የለም።

"'ጋሼ፣ የእርስዎ የቱ ነው?' አላቸው" አለችኝ። "ተነስተው ግድግዳው ላይ ፈለጉ። 'ይህ የኛ አይደለም፤ ተሳስታችሁ የሌላ ግሩፕ ከፍታችሁ ነው' አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያኔ ገባቸው። እውነቱን ቢናገሩ ሦስታችንም እንወድቅ ነበር። 'ይቅርታ፣ ቤቴ ኔትወርክ አልነበረም፤ አልሠራሁም' ብለው ተቀመጡ።"

መቀሱ በእጄ ነበር፤ አስቀመጥኩት። "ገደላችሁት እኮ" አልኳት። "አክብራችሁ ገደላችሁት!"

አለቀሰች። እያለቀሰች የቀረውን ነገረችኝ። ሌክቸረሩ ዘንድ ሄዳ ሁሉን ተናዝዛለች። እሱም የሦስቱን ማርክ ቀንሶ ለጋሼ የማሟያ ዕድል ሰጥቷል፤ ነገር ግን ሥራው እንደገና ይሠራ፣ ሁላችሁም በአንድ ዶክመንት ውስጥ፣ የተደበቀ ነገር ካየሁ አራታችሁንም እጥላለሁ ብሏል።

በዚህ መሀል እሱ ዳቦውን ይዞ ገባ። አያት። ይጮኽባታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም እንዲጮኽባት ፈልጌ ነበር። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና "አለቃ፣ ቁጭ በይ እንጂ" አላት። ከተቀመጠች በኋላ ነው የጠየቃት።

"ለምን አልሰረዝሽኝም?"

"እንዴት አድርጌ ጋሼ? እርስዎን?"

"እኔ አንቺን ስንቴ ሰርዤሻለሁ! ሰሌዳው ላይ፣ ጓደኞችሽ ሁሉ እያዩ። ጠልቼሽ ነበር?"

"አይደለም።"

"ታዲያ እኔ ምን አድርጌሽ ነው ብቻዬን ትተሽኝ የሄድሽው?" ድምፁ ተሰበረ።

እሱ ራሱ ላፕቶፑን አውጥቶ ከፈተና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋላት። "በይ" አላት፣ "እያየሁ ሰርዢኝ።"

ማለፉን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ማሟያውን አልፏል፤ በዓመቱ ክፍሉም ተመልሶለታል። እኔ ግን ባሌን ሳስብ ፊቴ ድቅን የሚለው ዲግሪው አይደለም፤ ያ ቅዳሜ ነው።

መጀመሪያ "የሰው ልጅ ከፍጥረቱ ጀምሮ" የሚለው ሄደ። "ይህ ለምን?" ይላታል። "ጉዳያችን ላይ ቶሎ እንድንደርስ ነው" ትለዋለች። "እሺ።" ትቀጥላለች። "ይህስ?" "አሁን ያሉት ጥናቶች እንደዚህ አይሉም ጋሼ።" "እሺ።" እያንዳንዷ እሺ ከየት እንደምትወጣ የማውቀው እኔ ነኝ። የሰላምታዎቹም ተራ ደረሰ፤ እነዚያ ማንም ያልመለሰላቸው። አለቃ ተደርድረው ስታያቸው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እነሱን ቶሎ አጥፊያቸው" አላት፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

አንዱን መስመር ግን ዘለለችው። መምህር ነው፤ የተዘለለ ነገር አያመልጠውም። ጮክ ብሎ አነበበው። "ግራኝ ሕፃን በጊዜ ቀኝ እጁን ካልለመደ ንባብም ጽሕፈትም ይከብደዋል።" ቀና ብሎ አያት። "ይህ ልክ ነው ማለት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምነው ዘለልሽው?"

አለቃ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። "ጋሼ፣ እኔ ግራኝ ነኝ።"

እሱ እጆቿን አየ።

"አያስታውሱትም። ብዙ ነበርን። ግራ እጄን ወንበሩ ሥር ይዤ በቀኜ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። ለኔው ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያኔ ሁሉም መምህር እንደዚያ ነበር። ግን እንኳን ልጽፍ፣ ፊደሉን ማየት አስጠላኝ። ዓመቱን ሙሉ ማንበብ አልቻልኩም። አለቃ የሆንኩት ለምን ይመስልዎታል? ስም ጠሪዋ እኔ ከሆንኩ፣ ተነሺ አንብቢ የሚለኝ የለም ብዬ ነው።" እንባዋን ዋጠች። "እወድዎት ነበር። አሁንም እወድዎታለሁ። ይህችን ግን እኔ አልሰርዛትም፤ አልችልም።"

ባሌ ተነስቶ በጓሮ በር ወጣ። ተከተልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የውሃ ባልዲው አጠገብ፣ እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው።

"ስንት ልጅ ነው እንደዚህ ያደረግኩት?" አለኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ፣ ጋሼ እያለኝ፣ ስንቱ ሰው ነው ሌላ ወረቀት ከፍቶ የሄደው? ርዕሰ መምህሩ፣ የሥራ ጓደኞቼ፣ ልጆቻችን..." ዞሮ አየኝ። "አንቺስ?"

ወይ ጉድ! በዚያ ሁሉ መሀል ሳቄ መጣ። "እኔ? እኔ በየቀኑ ፊት ለፊት አይደል እንዴ የምሰርዝህ!"

ከዚያ እሱም ሳቀ፤ የፍርሃቱን ሳቅ አይደለም። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባለ ያደገ ሰው፣ እኔ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሲበቃው ፊቱን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩለትና "ግባ፤ ልጅቷን ብቻዋን አትተዋት" አልኩት።

ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። "ይቅር በይኝ ልጄ" አላት። አለቃ አንገቷን ነቀነቀችለት። ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። "ልክ ነሽ፤ ይህችን እኔው ነኝ የምሰርዛት" አለ።

መሰረዝ ደግሞ አይችልበትም። መስመሩን ባንዴ ይዞ ማጥፋት እንዳለ አያውቅም፤ ከመጨረሻው ተነስቶ ፊደል በፊደል ነው የሚያጠፋው። አለቃ አቋራጩን ልታሳየው እጇን ስታነሳ ዓይን ዓይኗን አየኋት፤ እጇን መለሰች። "ይከብደዋል" ሄደ። "ጽሕፈትም" ሄደ። "ንባብም" ሄደ። እኔ መኪናዬን አቁሜ አንዱን እጄን በሌላው ይዤ እጠብቃለሁ። አልቸኮለም። የመጨረሻዋ ፊደል ስትጠፋ መስመሩ ባዶ ሆነ፤ እሱም ባዶውን ትንሽ አየው።

"በምትኩ ምን ብዬ ልጻፍ?" አላት።

ነገረችው። እሱም ቃል በቃል እየሰማት ጻፈ።